የእናቴን ኩላሊት ደብቄ ኤምአርአይ የወሰድኳት ቀን

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ክረምት፣ የተማሪ ካርድ አስረክበን ትንሽ ዐረፍ ባልንበት ሰሞን ነው። ብዙ ወራት አልፈዋል። እኔ ግን አሁንም ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። መጀመሪያ የተናደድኩት በሰው ነበር። በኋላ ንዴቱ ዞሮ ዞሮ ወደ ቤቴ መጣ፣ ከቤቴም አልፎ ወደ ራሴ መጣ፣ እዚያው ቀረ።

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ዩኒት ሊደር ነኝ። ሥራዬ ሲጠቃለል ተማሪ መቆጣትና ወላጅ ማስፈረም ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ ወላጆች የሚሞሉት ፎርም አለን። ልጁ አስም አለበት ወይ? የሚጥል በሽታ አለበት ወይ? የማይስማማው ምግብ አለ ወይ? ሳያነቡ ፈርመው ውልቅ የሚሉትን በር ላይ ይዤ እመልሳቸዋለሁ። «ነገ ልጅዎ ቢወድቅብኝ ምን ላድርግ?» እላለሁ። በዚህ የተነሳ ወላጆች ቅጽል ስም አውጥተውልኛል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

እናቴ አስካለ ትባላለች። አቃቂ በሰቃ አካባቢ በነበረ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጥታለች። አባታችን ከሞተ ወዲህ ከእኔ ጋር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ጆሮዋ፣ በተለይ ግራው፣ በደንብ አይሰማም። «ማሽኑ በላው» ትላለች። ደም ግፊትም አለባት። ከዚያ ውጭ ግን እኔን ቀድማ ገበያ ደርሳ የምትመለስ ሴት ነበረች።

ከዚያ ክረምት አራት ወር ቀደም ብሎ ለግፊቷ የምንከታተልበት ክሊኒክ የደም ምርመራ አዘዘላት። ውጤቱን ያየው ዶክተር እናቴን ወንበር ላይ እንዳለች ትቶ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ሳምሶንን ወደ ኮሪደሩ ጠራን። በሩን ዘጋው። በሩ ከወገብ በላይ መስታወት ነው። እዚያ ቆሞ የእናታችን ኩላሊት በጣም እንደተዳከመ ነገረን። እጥበት ላይ አልደረሰችም፣ ሩቅም ግን አይደለችም አለ። ጨው ቀንሱባት፣ የራስ ምታትም ሆነ የወገብ ማስታገሻ ዝም ብላ እንዳትውጥ፣ ክትትሏን እንዳታቋርጡ አለ። ለራሷ ንገሯት አላለንም። አትንገሯትም አላለንም።

ሳምሶን እዚያው መስታወቱ በር ላይ እንደቆምን ወሰነ። «ኩላሊት የሚለውን ቃል እንዳትሰማ። ከሰማች አለቀላት» አለኝ።

ምክንያት ነበረው። የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስታችን የሺ፣ በዚሁ በኩላሊት ነው የሞተችው። እናቴ እጥበት ቦታ ድረስ እያመላለሰች አስታመማት። ከተቀበረች ወዲህ ቤታችን ውስጥ ኩላሊት የሚባል ነገር አይነሳም። ሥጋ ቤት እንኳ ሄደን ጉበት ጨምሩልን እንላለን እንጂ ኩላሊት አንልም።

እኔም እሺ አልኩ። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ አይደል? ለታማሚው «ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው» ይባላል፣ ቤተሰቡ ጓዳ ገብቶ ያለቅሳል። እኛም ጓዳ ገባን። የኩላሊቱን መድኃኒት «ይሄ አዲስ የግፊት ነው» አልኳት። ከወጡ ላይ ጨው በድብቅ ቀነስኩ። «ዛሬስ እንዴት ያለ ወጥ ነው የሠራሽው!» ትለኝ ነበር። እኔም አሞኘኋት ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ሳምሶን ሲመጣ እሷ ሶፋዋ ላይ ሆና ቴሌቪዥን ታያለች፣ እኛ ኩሽናው በር ላይ ቆመን ስለ ኩላሊቷ እናንሾካሹካለን። ድምፃችንን እጅግ ዝቅ እናደርጋለን። ጆሮዋ ደካማ ቢሆንም ለጥንቃቄ ብለን።

ክረምቱ ሲገባ ማዞር ጀመራት። አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። አንድ ጠዋት ደረጃው ላይ ተንገዳግዳ የጎረቤት በር እጀታ ይዛ ተረፈች። በማግስቱ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሐኪሙ መረመራትና የግራ ጆሮዋ ነገር የማሽን ጩኸት ብቻ ላይሆን ይችላል አለ። ከጆሮ ወደ አንጎል በሚሄደው ነርቭ ላይ ትንሽ ዕጢ በቅሎ እንደሆነ መታየት አለበት ብሎ ኤምአርአይ፣ በማግኔት ጭንቅላትን የሚያነሳውን ምርመራ፣ አዘዘ። ከጎኑ ደግሞ ከነኮንትራስቱ ይሁን ብሎ ጻፈበት።

«ኮንትራስት ምንድነው?» አልኩት።

«በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ዕጢ ወይም የተቆጣ ቦታ ካለ ከጤነኛው ለይቶ አጉልቶ ያሳየናል። ያለሱ የሚያመልጥ ነገር አለ» አለኝ። ቀጥሎ፣ «ከዚህ በፊት የሚታወቅ በሽታ አለባቸው?» ሲል ጠየቀ።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ወደ እኔ እያየች ነው።

«ግፊት ብቻ» አልኩ። ግማሹ እውነት ስለሆነ ውሸት ነው ብዬ አልቆጠርኩትም።

የቀጠሮው ቀን ሳሪስ አካባቢ ወዳለ አንድ የምርመራ ማዕከል ሄድን። ስሙን አልጠራም። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። ቃሊቲ ላይ መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ ቆሞ ስለነበር የደረስነው ተጣድፈን ነው። እናቴን ማረፊያው ወንበር ላይ አስቀምጬ መስኮቱ ላይ ቆምኩ።

እስቲ ስለዚያ መስኮት ልናገር። ወፍራም መስታወት ነው፣ ከሥሩ ለወረቀት ማሳለፊያ የምትሆን ቀዳዳ ብቻ አለችው። ከውስጥ ያለችው ልጅ ለመሰማት መጮህ አለባት፣ ከውጭ ያለነውም መጮህ አለብን። ከኋላዬ ወረፋ ይዘው የቆሙት፣ ወንበር ላይ ያሉት፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ፣ ሁሉም ይሰማል። ልጅቷ ቀና ብላ አላየችኝም። ከወረቀቱ ላይ እያነበበች ትጮሃለች።

«የታማሚ ስም?»

ነገርኳት።

«ነፍሰ ጡር ናቸው?»

እናቴ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ከኋላዬ ያሉት ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም። ኤክስ አደረገችና ቀጠለች።

«በሰውነታቸው ውስጥ ብረት አለ? መድኃኒት አልስማማ ብሏቸው ያውቃል?»

«የለም። አያውቅም።»

«ኩላሊት አለባቸው?»

ዘወር ስል እናቴ ነጠላዋን ደርባ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ፊቷም ወደ እኛ ነው። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። የሷ ዓይን ምንም አይልም። አራት ወር ሙሉ ጓዳ ለጓዳ የደበቅነውን ይቺ ልጅ በመስታወት ቀዳዳ በአደባባይ ጮኸችበት። አለባት ብዬ ብመልስ እናቴ ትሰማለች፣ ሰውም ይሰማል፣ ሳምሶን ደግሞ አንቺ ነሽ የገደልሻት ይለኛል።

«የለባትም» አልኩ፣ ፊቴን ከእናቴ ሳላዞር፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ልጅቷ ወረቀቱን በቀዳዳው ገፋችልኝ። ከላይ እስከ ታች በእንግሊዝኛ የተጻፈ ገጽ ነው። «እዚህ ጋ ፈርሚ» አለችኝ።

«ምንድነው የምፈርመው?»

«ፎርማሊቲ ነው። ሁሉም ይፈርማል። ወረፋ አታስቁሚ እህቴ።»

ፈረምኩ። እኔ! ሳያነቡ የፈረሙ ወላጆችን በር ላይ የምመልሰው እኔ! አንድ መስመር ሳላነብ ፈርሜ ቅጂውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። እናቴን ያናገራት የለም። ስሟን የጠየቁት እኔን፣ ዕድሜዋን የጠየቁት እኔን፣ ስለ ገዛ ሰውነቷ የጠየቁት እኔን ነው። እሷ ሁለት ወንበር አልፋ እንደ ሻንጣ ተቀምጣለች።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ልጅ ብቅ ብሎ «ማዘር፣ ወደ ውስጥ» አላት። ብረት ነገር ሁሉ ይውለቅ ስለተባለ የማተቧን መስቀል ፈታ ሰጠችኝ። ከአንገቷ ስታወልቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው። መዳፌ ላይ ስታስቀምጠው ገና ይሞቃል። ገባች፣ በሩ ተዘጋ።

ቅጂውን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዝኛዬ የሚያኮራ ባይሆንም የሚያስፈልገኝን ያህል አለኝ። ኮንትራስት የተባለው መድኃኒት ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው ይላል። ኩላሊቱ ክፉኛ የተዳከመ ሰው ላይ ሳይወጣ ሊቆይ ይችላል። አልፎ አልፎም ቆዳና መገጣጠሚያ የሚያጠነክር፣ የውስጥ አካልንም የሚጎዳ፣ ፈውስ የማይገኝለት በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የኩላሊት ችግር ካለ ከመሰጠቱ በፊት የግድ ይነገር ይላል። ከጎኑ የልጅቷ ኤክስ አለ። ከግርጌው የእኔ ፊርማ አለ፣ ያ ሁሌ የተማሪ ካርድ ላይ የማሳርፈው ቆንጆ ፊርማዬ።

ተነስቼ ወደ በሩ ሮጥኩ።

ጥበቃው ክንዱን ዘረጋ። «እህቴ፣ ብረት ይዘው አይገቡም።»

«እናቴ ውስጥ ናት! መርፌው እንዳይሰጣት!»

«ቁልፍ ይዘዋል፣ ስልክ ይዘዋል። ማሽኑ ይስባል።»

ቦርሳዬን መሬት ላይ ወረወርኩት። ቁልፌን፣ ስልኬን፣ የፀጉር መያዣዬን ሳይቀር ነቅዬ ጣልኩ። የእናቴን መስቀል ግን መጣል አልቻልኩም፣ እጄ ውስጥ ጨብጬዋለሁ። «ኩላሊት አለባት! ኩላሊት አለባት!» እያልኩ እጮሃለሁ። አራት ወር የታፈነ ቃል ነው፣ አንዴ ሲወጣ የሚመልሰው ጠፋ።

ልጅቷ በመስታወቱ ቀዳዳ አጎንብሳ፣ «ቅድም የለባትም ብለሽ ፈርመሽ የለ እንዴ?» አለችኝ።

ያኔ ንዴቴ ገነፈለ። «ማን ነው በመቶ ሰው ፊት እንደ ጨረታ እየጮኸ የሰው በሽታ የሚጠይቀው? ማን ነው ፎርማሊቲ ነው ያለኝ? ይሄ ፎርማሊቲ ነው? ሰው የሚጎዳበት ነገር ፎርማሊቲ ነው?» አልኳት። አሁንም ቢሆን ያልኩት ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጅቷም መለሰችልኝ። እሷም የኖረችበት መሥሪያ ቤት ያሳያትን ነው የሠራችው፣ ግን ያኔ ይህን የማሰብ አቅም አልነበረኝም።

በዚህ መሃል ወንበር ላይ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። አጠገባቸው ልጃቸው ተቀምጧል። «ልጄ፣ አትጩኺ» አሉኝ። «እኔንም ልጄ እዚህ ያመጣኝ ለጨጓራህ ነው ብሎ ነው። ለጨጓራ ጭንቅላት ይነሳል እንዴ?»

ልጃቸው ጫማውን ማየት ጀመረ።

በሩ ተከፈተ። አንዲት ነርስ ጭንብሏን አገጯ ላይ አውርዳ ብቅ አለች። «የወይዘሮ አስካለ ልጅ ማን ናት?»

«እኔ ነኝ! ተሰጣት?»

«አልተሰጣቸውም።»

«ኩላሊቷ…»

«እናውቃለን» አለችኝ። «ራሳቸው ነግረውናል።»

ምን እንዳለችኝ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ነርሷ ወደ ጥግ ወሰደችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። መርፌ ከመስጠቷ በፊት ሁልጊዜ ታማሚውን ራሷ ደግማ ትጠይቃለች። «መስኮቱ ላይ ሰው ይዋሻል» አለችኝ። እናቴ መጀመሪያ «ጭንብልሽን አውርጂልኝ የኔ ልጅ፣ አፍሽን ልየው» አለቻት። አወረደች። ኩላሊት አለብዎት ወይ ስትላት እናቴ፣ «አዎ፣ በጣም ተዳክሟል ተብያለሁ። ልጆቼ ግን እንዳወቅኩ አያውቁም፣ እንዳትነግሪያቸው» አለቻት።

«አደራቸውን በላሁ» አለች ነርሷ። «ግን ደጅ ላይ የምትጮሂውን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም።»

ሥዕሉን የሚያነበው ዶክተርም ወጣ። የክሊኒኩን ውጤት ጠየቀኝ። ስልኬ ውስጥ ፎቶ አንስቼ አስቀምጬው ነበር፤ ስልኬን ከመሬት አንስቼ አሳየሁት። ቁጥሩን አየና እኔን አየኝ። «ይሄን ይዘሽ ነው የለባትም ያልሽው?» አለኝ።

መልሴን ሳይጠብቅ አስረዳኝ። መድኃኒቱ ራሱ ጠላት አይደለም አለኝ። ብዙ ሰው በየቀኑ ወስዶት በሰላም ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ አዳዲሶቹ ዓይነቶች ከድሮዎቹ እጅግ ይሻላሉ። በጣም የሚያስፈልግ ከሆነም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ተመዝኖ፣ ተመርጦ ሊሰጥ ይችላል። «ግን አውቀን ስንሰጥና ሳናውቅ ስንሰጥ አንድ አይደለም» አለኝ። ለጆሮ ነርቭ ደግሞ ያለ መድኃኒቱም በደንብ የሚያሳይ የአነሳስ ዓይነት አለ፤ መጀመሪያ በዚያ እናየዋለን፣ አጠራጣሪ ነገር ከተገኘ ከኩላሊት ሐኪሟ ጋር ተመካክረን እንወስናለን አለኝ።

«ታዲያ ግፊት ያለባት ትልቅ ሴት ናት፣ ለምን የኩላሊት ምርመራዋን አስቀድማችሁ አምጡ አላላችሁም? ለምን ለመስኮት ተዋችሁት?» አልኩት።

«መጠየቅ ነበረብን» አለኝ። ይህን በማለቱ አከበርኩት። ንዴቴ ግን አልወጣልኝም።

እናቴ ጨርሳ ስትወጣ መስቀሏን ጠየቀችኝ። መዳፌ ላይ ምልክቱ ቀርቶ ነበር። አሰረችው፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «እንሂድ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ያ ነው ያስፈራኝ።

ማዞሩን ፈርቼ ራይድ ጠራሁ። ቃሊቲ ስንደርስ እንደ ጠዋቱ መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ ቆሟል። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል። ፊቴን ወደሷ አዙሬ፣ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኳት።

«እናንተ ባወቃችሁበት ሰዓት።»

«እንዴት?»

«ዶክተሩ በመስታወቱ በኩል ፊቱን ወደ እኔ አድርጎ ነበር የቆመው። ጥርት ያለ አፍ ነው ያለው።»

እስካሁን ያልጻፍኩት ነገር አለ። ያልጻፍኩት እኔም ስለረሳሁት ነው። ሽመና ክፍል ውስጥ ማሽኑ ሲነሳ ጎን ለጎን ቆማችሁ ብትጮሁ አትሰማሙም። ስለዚህ ሠራተኞቹ በከንፈር ነው የሚያወሩት። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ፣ ያለ ድምፅ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ባል፣ ስለ አለቃ ሲያወሩ ፈረቃው ያልቃል። ልጅ ሆነን የፋብሪካ ጓደኞቿ ቤታችን ሲመጡ እኛ እንዳንሰማ ሲፈልጉ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ እኔና ሳምሶን እናብድ ነበር። እኔ ይህን እያወቅኩ ነው አራት ወር ሙሉ እሷ ፊት ቆሜ ያንሾካሾክኩት።

«ስታንሾካሹኩ ደግሞ ከንፈራችሁ ይበልጥ ይከፈታል» አለችኝ። «ለእኔማ ጮሃችሁ ነው የነገራችሁኝ። ‹ከሰማች አለቀላት› ሲል ሳምሶን፣ ምላሱ ሳይቀር ታየኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፣ ይሁን። ዓይኔ ግን ባዳ አይደለም።»

«ለምን ዝም አልሽ ታዲያ?»

«እናንተ እንዳትሰበሩ ነዋ! እንዳወቅኩ ካወቃችሁ ማን ሊያጽናናችሁ ነው? ያን ጨው አልባ ወጥ አራት ወር የበላሁት ጣፍጦኝ መሰለሽ?»

ልሳቅ ወይስ ላልቅስ ብዬ ሳስብ ድምፅዋ ተለወጠ። እናቴ ስትቆጣ ድምፅዋ ከፍ አይልም፣ ይወርዳል።

«ዛሬ ግን ተናደድኩ። በመስኮቱ ኩላሊት ስትልሽ አየሁ፣ የለባትም ስትይ አየሁ። ዓይኔን እያየሽ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሰው በሽታ የደበቀስ ምን ይባላል? ንገሪኝ፣ አስተማሪ አይደለሽ?»

ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰ።

«ሽመና ክፍል» አለች እናቴ፣ «የአንዷ እጅጌ በማሽን ሊያዝ ሲል ያየች ሴት ምን የምታደርግ ይመስልሻል? አለቃ ጋ ትሄዳለች? እህቷን ትጠራለች? ደንግጣ እንዳትሞትብኝ ብላ ዝም ትላለች? ቀድማ የምትነግረው ለእጁ ባለቤት ነው። እጁ የሷ ነዋ። ይሄ ኩላሊት የማን ነው?»

«ያንቺ» አልኩ። እንደ ጥፋተኛ ተማሪ አንገቴን ደፍቼ።

«እንግዲያው ሲጠየቅ እኔ ልመልስ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ቱሉ ዲምቱ እስክንደርስ አላየችኝም። እንዳወራት ስላልፈለገች ነው፣ ይህን አውቄዋለሁ፤ ካላየችኝ አትሰማኝምና።

ዕጢ አልተገኘባትም። ሥዕሉ ጥርት ብሎ ስለወጣ መድኃኒቱም አላስፈለገም። ማዞሩ ከውስጥ ጆሮዋና ከግፊት ኪኒኗ ጋር የተያያዘ ነበር፣ ተስተካክሎላት አሁን ደረጃውን ብቻዋን ትወጣለች። ለኩላሊቷ የኩላሊት ሐኪም ይዘናል። እስካሁን እጥበት ላይ አልደረሰችም። የሐኪሙን ጥያቄ የምትመልሰው እሷ ናት፣ ሐኪሙም ጭንብሉን አውርዶ ነው የሚያናግራት።

እኔ ግን አሁንም ተናድጃለሁ። ለማዕከሉ ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። ያን መስኮት ይቀይሩት አይቀይሩት አላውቅም። የሰው በሽታ በአደባባይ እየተጮኸ የሚጠየቅበት፣ የማይነበብ ወረቀት ተፈርሞ ባለቤቱ ወንበር ላይ የሚረሳበት አሠራር ዛሬም ያበግነኛል። ነገር ግን መስኮቱን በምወቅስ ቁጥር የለባትም ያለው አፍ የእኔ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ስንቱ ቤት ውስጥ ስንቱ ሽማግሌ ለጨጓራህ ነው ተብሎ ጭንቅላቱን እየተነሳ ይሆን? እኚያ ሽማግሌስ ከልጃቸው መልስ አግኝተው ይሆን?

በዚህ መስከረም ፎርሙን ሳስሞላ ልጆቹም ከወላጆቻቸው ጋር እንዲገቡ አደረግኩ። አንድ አባት «እንዳይሰማ፣ ልጁ አያውቅም» ብሎ ጆሮዬ ሥር ሊያወራ ሲሞክር፣ «በሽታው የማን ነው?» አልኩት። አኩርፎኝ ሄደ። በማግስቱ ልጁን ይዞ ተመልሶ መጣ።

ባለፈው ሳምንት የእናቴን አዲስ የምርመራ ውጤት ይዤ ወደ ቤት ገባሁ። ሳምሶን ቀድሞኝ መጥቶ ኩሽናው በር ላይ ይጠብቀኛል። እናቴ ሶፋዋ ላይ ናት። ወንድሜ አሁን ብልጥ ሆኗል፤ እጁን አፉ ላይ ጋርዶ፣ «ምን አሉ?» አለኝ።

«ሳምሶን!» አለች እናቴ ከሶፋው። «እጅህን ከአፍህ ላይ አውርድ።»

አወረደ። ወረቀቱን ወስጄ ለእናቴ ሰጠኋት። መነጽሯን አደረገች፣ ሐኪሙ ያሳያትን መስመር በጣቷ ፈለገች፣ ቁጥሩንም ጮክ ብላ ለሁለታችን አነበበችልን።